የግሪሉ ጆሮ

ቀያሹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ ስፌት ገና ከበሩ ላይ ጥላውን አይታ ነው ያወቀችው። ያንን ረጅም ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ሁለት እጁ ላይ አስተኝቶ በጎኑ ነው የሚገባው። ጎንበስ ብላ የያዘችውን የተሰነጠቀ የመኪና መብራት ቤት መፋቋን ቀጠለች። ፊቷ እንዳያሳብቅባት ፈርታ ነው።

"እንደምን ዋልሽ?"

"ደህና። ደግሞ ምን ሆነ?"

"ጆሮው።"

"የትኛው ጆሮ?"

"ያው ያንቺው" አለና ፈገግ አለ። ደስ የሚል ወሬ ይዞ የመጣ እንጂ የተሰበረ ዕቃ ያመጣ ሰው አይመስልም ነበር።

ለማያውቃት ልንገር። ስፌት የሰፈር ስሟ ነው። ልብስ ሰፍታ አታውቅም፤ የምትሰፋው ፕላስቲክ ነው። የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ፣ የተቀደደ የግጭት መከላከያ ፓራውልት፣ ክንፉ የወለቀ መብራት ይመጣላታል። ስንጥቁን ከሥር ትቦረቡርና ቀጭን የሽቦ መረብ በጋለ ካውያ እያቀለጠች ትቀብርበታለች፤ ከላይ ያንኑ ዓይነት ፕላስቲክ ሞልታ በብርጭቆ ወረቀት ስትጨርሰው የተሰፋበትን ቦታ ጣትም ዓይንም አያገኘውም። የምትሠራው በአባቷ ጋራዥ አንድ ጥግ ላይ ነው። አባቷ ባትላሜራ ናቸው፤ እሳቸው ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ እሷ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንደ ሽቶ ቀማሚ ተቀምጣ የሚቀልጠውን ፕላስቲክ እያሸተተች ዓይነቱን ትለያለች።

ቀያሹ ደግሞ ሩቅ አገር መንገድ ይቀይሳል። የዳኛ ልጅ ነው። ዳኛው ከመሞታቸው በፊት ልጃቸውን አስጠርተው፣ "መኪናዬን ሳታስተካክል ወደ ሥራህ እንዳትመለስ" አሉት። መኪናዋ ከልጁ በዕድሜ ትበልጣለች። እሳቸው በጨርቅ እንጂ በባዶ እጃቸው የነኳት ቀን የለም ይባላል። ልጁ ቃል ገባ፤ ከሐዘኑ በኋላም ፈቃድ ወስዶ ሞተሩን አሳደሰ፣ ፍሬኑን አስቀየረ፣ ቀለሙን አስቀባ። የቀረው የፊት ግሪሏ ብቻ ነበር፤ ያ በሁለቱ መብራቶች መሃል የተዘረጋው፣ ብር ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ፍርግርግ። ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ቆይቷል። ልጁ ያልጠየቀው መለዋወጫ ቤት የለም፤ የሁሉም መልስ የትከሻ ንቅናቄ ነበር።

በመጨረሻ አንዱ "ስፌት ዘንድ ሂድ" አለው። ሄደ። ያን ቀን እርስዎ እየተባባሉ ነበር። የተሰበሩትን ዘንጎች ሰፋችለት፣ አንዱን የጠፋ ጆሮም ከምንም አንስታ ሠራችለት። ጆሮ የሚሏቸው ግሪሉን ከመኪናው ግንባር ጋር የሚያያይዙትን፣ ቡሎን የሚገባባቸውን ትናንሽ ምላሶች ነው። ወስዶ ገጠመው። ሳይቆይ ያው የተጠገነው ጆሮ ተሰብሮ ተመለሰ፤ አንቱታው በዚያን ቀን ቀረ። አሁን ደግሞ ሦስተኛው ነው።

እዚህ ላይ ምስጢር ልንገራችሁ፤ ምስጢር መያዝ አልችልበትም።

ስፌት ጆሮውን የሚሰብረው ራሱ ቀያሹ እንደሆነ ደርሳበታለች። ያለፈው ጊዜ ስብራቱን ወደ ብርሃን ይዛ ስታየው ፊትና ኋላው ላይ የተነከሰ ምልክት አገኘች። ፒንሳ ነው አለች በልቧ። እኔን ለማየት ብሎ የአባቱን መኪና በፒንሳ ነከሰ! እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሷ ብሎ አንድ ብርጭቆ እንኳ የሰበረ ሰው አልነበረም። ደስ አላትና ዝም አለች።

ቀያሹም በበኩሉ ደርሶበታል። ሌሎቹ ጆሮዎች ንቅንቅ አይሉም፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ እሷ የሠራችው ነው። እንዲህ ያለች ባለሙያ ደግሞ ሳታስበው አትሳሳትም። ሆን ብላ ነው የምታላላው፤ ተመልሼ እንድመጣላት። ደስ አለውና እሱም ዝም አለ።

ሁለቱም ተወደድን ብለው ከረሙ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ታዲያ ማን ነው የሚሰብረው? ቆዩ፣ አትቸኩሉብኝ።

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ግሪሉን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ጆሮው ተቆርጦ በወረቀት ተጠቅልሏል። ወረቀቱን ሲሰጣት ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ እሷም እሱም እንዳልተነካኩ ሆነው ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ።

"ከመሥሪያ ቤት ደውለው ነበር" አለ። "መኪናው አለቀ ወይ ይላሉ።"

"ምን አልካቸው?"

"ግሪሉ ቀርቷል አልኳቸው።"

ይህን ያለበት አነጋገር ድፍረት ሰጣት። የሆነ ቀን ማለቷ ካልቀረ ዛሬ ትበለው። ካውያውን አስቀመጠች።

"ከአሁን በኋላ መስበር አያስፈልግህም" አለችው፤ ድምጿ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት። "መምጣት ስትፈልግ ዝም ብለህ ና።"

"ምን መስበር?"

"ጆሮውን ነዋ፣ በፒንሳ።" ሳቅ አለች። "አውቄብሃለሁ እኮ። አልተቀየምኩም።"

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ለቀቀ። "እኔ? የአባቴን መኪና?"

"ታዲያ ማን?"

"አንቺ ነሻ!" አለ ግራ ገብቶት። "አላልተሽ የምትሠሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እንድመለስ ብለሽ? እኔም እኮ አልተቀየምኩም፣ እንዲያውም..."

"አላልቼ?"

ቃሉን ደግማ ቀመሰችው፤ መረራት። ወዲያ ጥግ የአባቷ መዶሻ ቆመ።

"እኔ ሥራ አላልቼ? እኔ የሰፋሁት ተመልሶ መጣ የሚል አንድ ሰው ጥራ!"

"ከእኔ በቀር?" አለ። ለቀልድ ብሎ ነበር፤ ቀልድ አልሆነም።

"ውጣልኝ።"

"ቆይ እስኪ አንቺስ? አባቴ ዓይኑን ሳይጨፍን አደራ ያለኝን መኪና በፒንሳ ሲሰብር የሚውል ሰው ነው ብለሽ አሰብሽኝ?"

"አዎ አሰብኩ! ደስም ብሎኝ ነበር!"

አምልጧት ነው። ሁለቱም ቃሉ የወደቀበትን ቦታ የሚፈልጉ ይመስል ወለሉን አዩ።

"እኔም ደስ ብሎኝ ነበር" አለ ቀያሹ በተጎዳ ድምፅ።

እንደዚህ ሲባባሉ መተቃቀፍ የነበረባቸው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ብሆን እዚያው አስታርቄ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ግን የተወደደ ሰው ኩራት አጉል ነገር ነው። ስፌት ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ካልሰበረው ለእኔ ብሎ አልመጣም ማለት ነው። እሱም ያሰበው ያንኑ ነው፦ ካላላላችው እንድመጣ አልፈለገችም ማለት ነው። ያ ሁሉ የከረመ ደስታ ባለቤት አጣ።

"ሲያልቅ በሰው ላኪልኝ" አለና ወጣ። ብርድ ልብሱን እንኳ አልወሰደም። ስፌት እጥፍጥፍ አድርጋ ወንበር ላይ ስታስቀምጠው የእሱ ቤት ሳሙና ሸተታት፤ ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ማልቀሷ ግን ብዙ አልቆየም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የተቆረጠውን ጆሮ ከወረቀቱ አወጣችው። እሱ ካልሰበረው፣ እኔም ካላላላሁት፣ ማን ነው?

አባቷ ሲቀርቡ ጆሮውን በአጉሊ መነጽር እያየችው ነበር።

"ተይው" አሉ አባቷ። "ከነሱ ቤት እኛ ቤት ድረስ ያለውን መንገድ ቀያሽም አይለካውም። ሠርተሽ ላኪለትና ይገላግለን።"

"እኔ ስለ ልጁ አይደለም የማስበው።"

"ስለ ምን ነው ታዲያ?"

"ስለ ጆሮው። እየው አባዬ፣ ከስፌቴ ላይ አልተላቀቀም። ከስፌቴ በላይ ጤነኛው ፕላስቲክ ላይ ነው የተቆረጠው። ይሄ ደግሞ የፒንሳ ንክሻ አይደለም። በፒንሳ ቢሆን ሁለቱም ወገን ቀጥ ይል ነበር። ይሄኛው ወገን ቀጥ ብሏል፣ ያኛው ግን ጎብጧል።"

አባቷ መነጽሩን ተቀብለው አዩ። የማያገባቸውን ነገር ለማየት የቸኮሉ እንዳይመስሉ ተጠንቅቀው ነው፤ ግን አገላብጠው አዩ።

"እናትሽም እንዲሁ ነበረች" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ቁልፍ ከጠፋ ቤቱን ነቅላ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም።" መዶሻቸውን አነሱና ደግሞ ዘወር አሉ። "ከሄድሽም ቱታሽን ለብሰሽ ሂጂ። ለሥራ የመጣሽ ምሰዪ።"

ሥራውን እንደ ልማዷ ሠራችው። ጤነኛውን ጆሮ በሸክላ ጭቃ ላይ ተጭና ቅርጹን ወሰደች፤ ከአሮጌ ዳሽቦርድ የቆረጠችውን ፕላስቲክ በአሴቶን አሟሙታ አፈሰሰችበት፤ ሲደርቅ አውጥታ በሽቦው መረብ ከግሪሉ ጋር ሰፋችው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ ብሩን ቀለም ነፋችበት። የሚያሠራት እልህ ይሁን ናፍቆት እሷም አልለየችውም።

የዳኛው ቤት በር ላይ ስትደርስ የከፈቱላት የቀያሹ እናት ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ እጃቸው ላይ የአትክልት ጓንት አለ። ቱታዋን ከላይ እስከ ታች አይተው በሩን በጥቂቱ ብቻ ገፋ አደረጉት።

"አስቀምጪውና ሂጂ። ልጄ የለም።"

"መኪናው ግን አለ አይደል እማማ? የምገጥመው እኔ ነኝ።"

ቅር እያላቸው አስገቧት። መኪናዋ ከጓሮ በኩል ባለው መጠለያ ቆማለች፤ ያለ ግሪሏ የፊት ጥርሷ የወለቀ ሴት መስላለች። ስፌት መጀመሪያ ያደረገችው የቀያሹን የመሣሪያ ሳጥን መበርበር ነው። ካቻቢቴ አለ፣ የቡሎን መፍቻ አለ፣ ፒንሳ የለም። ልጁ እውነቱን ነበር። ይህን ስታውቅ ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ቀለል አላት፤ ወዲያው ደግሞ ከበዳት፤ ያለ ጥፋቱ ነዋ ውጣልኝ ያለችው።

ከጓሮ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ መጣ።

ወጣ ብላ አየች። እናትየው የአጥሩን አበባ በአትክልት መቀስ እየከረከሙ ነው። እግሯ ሥር አንዲት ቅርንጫፍ ወደቀች፤ ሳታስበው ጎንበስ ብላ አነሳቻት። የተቆረጠውን አፍ አየችው። አንዱ ወገን ቀጥ ያለ ነው። ሌላው የጎበጠ።

ስፌት ቅርንጫፏን እንደያዘች ወደ እናትየው ሄደች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"እማማ፣ መቀሱን አንድ ጊዜ ያውሱኝ።"

እናትየው መቀሱን አዩ፣ እሷን አዩ። አለመስጠት ይችሉ ነበር። ሰጧት። ስፌት ከኪሷ ያንን የተቆረጠ ጆሮ አወጣችና በመቀሱ ሁለት ከንፈሮች መሃል አስገባችው። ልክክ አለ።

እናትየው ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁና የደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ አረጁ።

"ለልጄ ነገርሽው?"

"እኔም አሁን ነው ያወቅሁት። ለምን እማማ?"

"መኪናው ሲያልቅ ይሄድብኛል።" ይህን ሲሉ መቀሱን እንጂ እሷን አላዩም። "ገና ጠዋት ተነስቶ ጫማውን ሲፈልግ እሰማዋለሁ። አባቱ ከሄደ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ያለው ድምፅ እሱ ብቻ ነው። ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው። ትንሽ።"

"የኔን ጆሮ ለምን መረጡ?"

"የተጠገነ ነገር ቢሰበር ማንም አይገረምም ብዬ።"

"የቆረጡት ስሜን ነው እኮ!" ስፌት እንባዋ መጣ። "አላልታ ሠራች አለኝ። ከጋራዡ አስወጣሁት። ተጣላን።"

"ተጣላችሁ?" እናትየው ቀና አሉ። "ሰውን ከፕላስቲክ ጠጋኝ ጋር ምን ያጣላዋል?"

መልሱን የሰጠው የስፌት ፊት ነው። እናትየው ዓይናቸውን ከዓይኗ ላይ ሳያነሱ ቆዩ፤ ያ የበሩ ላይ አስተያየት ቀርቶ ሌላ መጣ።

"አሃ" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ ለዚህ ነው። ጆሮው በተሰበረ ቁጥር ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እያንጎራጎረ ነበር በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ የሚወጣው። አባቱን ረሳው እንዴ ብዬ አለቀስኩ እኮ፤ እኔ ሞኟ!"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እናትየው የስፌትን እጅ ያዙ፤ ቀለም ያለበትን እጅ፣ ባዶ እጃቸውን አድርገው።

"እንግዲያውስ ሁለታችንም የምንፈልገው አንድ ነገር ነው" አሉ። "ዛሬ ስትገጥሚው ትንሽ አላልተሽ ግጠሚው። ትንሽ ብቻ። ማን ያውቃል?"

ማንም አያውቅም። ስፌት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ወደ መጠለያው ተመልሳ መቀሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ግሪሉን ከመኪናው ግንባር ጋር አስተካክላ ስትይዘው፣ በሌላው መዳፏ ላይ ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች ነበሩ። አሮጌ ፕላስቲክ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይኮማተራል፤ ጎማው መሃል ሲገባ መተንፈሻ ያገኛል። ጎማውን ትታ ቡሎኑን ጥርቅም ብታደርገው፣ አንድ ሞቃት ቀን ራሱ ጆሮውን ይሰነጥቅላታል። መቀስ አያስፈልግም። ቀያሹ እንደገና ብርድ ልብሱን ይዞ በጎኑ ይገባል።

አማራት፤ ልዋሽላችሁ አልችልም። መዳፏን ጨበጥ አደረገች። በዚያ በር ሲገባ አየችው፣ ሲስቅ ሰማችው፣ እጁን ከወረቀቱ ሥር ነካችው። ከዚያ "አላልተሽ" ያላት ድምፅ መጣባት። አላልታው ቢመጣ፣ ልክ ነበር ማለት ነው። ዕድሜ ልኳን ሲያያት ልክ ይሆናል። ዕድሜ ልኳን ደግሞ፣ እኔን ብሎ ነው ወይስ ስብራቱን ብሎ ነው የቆየው እያለች ትኖራለች።

ጎማዎቹን አንድ በአንድ አስገባች።

"እማማ! ብቻዬን አይሆንልኝም፣ ይህን ጫፍ ይያዙልኝ።"

እናትየው መጥተው ያዙ። ስፌት ከመሃል ጀመረች፤ ሁሉም ቡሎኖች ቦታቸውን እስኪይዙ አንዱንም አላጠበቀችም፤ ከዚያ በየተራ ጥቂት ጥቂት አሰረቻቸው። እናትየው ጎንበስ ብለው ሥራውን ሲከታተሉ ቆይተው፣ "አጠበቅሽው?" አሉ።

"እንደሚገባው ነው ያሰርኩት።"

"ይሄዳል ማለት ነው በቃ።"

"የሚሄደው እኮ በእኔም ላይ ነው እማማ" አለች።

ሁለቱም አንድ ግሪል ይዘው አለቀሱ። ቀያሹ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። የመጠለያው ደፍ ላይ ቆሞ እናቱንና ስፌትን፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን የአትክልት መቀስ አፈራርቆ አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ እናቱ፤ ሳያለባብሱ። "ሁለቱንም ጊዜ። እሷ አላላላችም። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። ከፈለግህ ተቆጣኝ።"

"እማዬ!"

ተቆጥቶ ነበር የጀመረው፤ ቁጣው ግን መሃል መንገድ ላይ ቀረ። የመኪናዋ ኮፈን ላይ እጁን አሳረፈ።

"ሲሰበር ደስ ይለኝ ነበር" አለ። "አባቴ እንደ ዓይኑ የሚያያት መኪና፣ ጠዋት ተሰብራ ሳገኛት ደስ ይለኝ ነበር። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ ብዬ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።" ወደ ስፌት ዞረ። "አላላሽው ያልኩት ሥራሽን ንቄ አይደለም። እንድቆይ የምፈልገው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ማመን ፈልጌ ነው።"

ስፌት ካቻቢቴዋን በሁለት እጇ ያዘች።

"እኔም የምነግርህ አለ። እናትህ ዛሬ አላልቺው ብለውኛል። አማረኝ። ጎማውን ትቼ ላስረው መዳፌን ጨብጬ ነበር። እወድሃለሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።" ካቻቢቴዋን ኪሷ ከተተች። "ግን በስብራት አልፈልግህም። በደንብ ነው ያሰርኩት። የፈለግህበት አገር ድረስ ብትነዳው አይወልቅም። ለአባትህ የገባኸው ቃል ተፈጽሟል። መሄድ ትችላለህ።"

ቀያሹ መኪናዋ ፊት ተንበረከከ። ግሪሉን በሁለት እጁ ጨብጦ ሳበው። ነቀነቀው። ግሪሉ ከመኪናዋ ጋር የተወለደ ይመስል ንቅንቅ አላለም።

"አልቋል" አለ ዝቅ ብሎ። እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"ነገ እደውልላቸዋለሁ። መኪናው አለቀ ወይ ይሉኛል፤ አልቋል እላቸዋለሁ። ታዲያ ለምን አትመጣም ይሉኛል። እስከ ዛሬ በሰበብ ነበር የቆየሁት፤ አሁን ላገባ ነው የምቆየው እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከሄድኩም ከባለቤቴ ጋር ተማክሬ ነው።"

"ማንን ነው የምታገባው?" አለች ስፌት። እያወቀችው፤ ግን መስማት ፈልጋ።

"እንቢ ካላልሽ አንቺን።"

ዞራ ያየችው እናትየውን ነው። ያንን በር በጥቂቱ ብቻ ከፍተው ቱታዋን ከላይ እስከ ታች ያዩትን ሴት። እሺታውም እንቢታውም ከእሳቸው ዘንድ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

እናትየው ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። መኪናዋን ዞሩና የኋላውን በር ከፍተው ገቡ።

"እማዬ፣ ከፊት አይደል እንዴ የምትቀመጪው?"

"ከፊት የእሷ ነው። ና ንዳ።" ከዚያ ስፌትን አዩዋት። "አባትሽ በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ወደሳቸው እንሂድ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ግቢ ልጄ።"

ስፌት የፊቱን በር ከፈተችና ቆመች። ወንበሩ ነጭ ቆዳ ነው፤ ዳኛው ሰውን ሁሉ እግርህን ጥረግ እያሉ ያስቀመጡበት። እጇን አየች። ቱታዋን አየች።

"ቀለም አለብኝ እኮ" አለች። "ወንበሩ ይበላሻል።"

"ይበላሽ" አሉ እናትየው።

ስፌት ገብታ ተቀመጠች፤ እያለቀሰች፣ ከነቱታዋ፣ በደንብ ተደግፋ።